ከአያት 4 ኪሎ በሳይክል ሥራ መመላለስ ይቻላል?

የአያት ነዋሪ

ሰላም ናችሁ? ቤቴ አያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ 4 ኪሎ። ጠዋት ከአያት መገናኛ በባቡር እሄዳለሁ። ከመገናኛ ደግሞ በሾላ ገበያ፣ በሲግናልና በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል በታክሲ 4 ኪሎ እደርሳለሁ። አያት የባቡሩ መነሻ ስለሆነ ጠዋት ወንበር አይጠፋም። ከባዱ ማታ ነው። መጀመሪያ 4 ኪሎ የታክሲ ሰልፍ አለ። መገናኛ ስደርስ ደግሞ ባቡሩ ከጦር ኃይሎች ጀምሮ ሰው ሲጭን ስለመጣ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዳንዴ አንዱን አሳልፌ ቀጣዩን እጠብቃለሁ፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚነግረኝ የለም። ዝናብ ከዘነበማ ቤት የምገባው ልጄ ከተኛ በኋላ ነው።

ከመገናኛ 4 ኪሎ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ ለእግረኛውም ለሳይክሉም ቦታ ተገኝቷል። ከታክሲ መስኮት ሆኜ ሳይክል የሚነዱ ሰዎችን አያለሁ። ታክሲው ቆሞ እነሱ ያልፉናል። ልጅ ሆኜ ሳይክል እነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነክቼው አላውቅም።

በዚህ መስመር በሳይክል የሚመላለስ ሰው ካለ ልምዱን ያካፍለኝ። የቀበናው ዳገት እንዴት ነው የሚወጣው? ከአያት እስከ መገናኛ ባለው ዋና መንገድስ በሳይክል ይገባበታል? ሴት መሆኔስ ችግር ያመጣብኝ ይሆን?

ሰሚት 72

ከሲኤምሲ መገናኛ ያለውን መንገድ እኔ በየቀኑ በመኪና ነው የምሄደው። ጠዋት ሁሉም ይበራል፤ ማታ ደግሞ ሁሉም ይጋፋል። በዚያ መሀል ሳይክል ሳይ ልቤ ይደነግጣል። አልከለክልሽም፣ ግን እባክሽ በዋናው መንገድ አትግቢ።

የጣና ልጅ

እህቴ፣ ይቻላል። እኔ ከጉርድ ሾላ 4 ኪሎ በሳይክል ነው የምመላለሰው። አስተማሪ ነኝ፤ ሰዓት ማክበር ስላለብኝ ነው የጀመርኩት። ስለ መንገዱ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ዳገቱ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ሳይክል የሁሉም ሰው ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱን የሚሞላው ሳይክል ነበር። አዲስ አበባ ስመጣ ሰው ሁሉ «እዚህ ዳገት ነው፣ አይሆንም» አለኝ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ግን ትልቁ ዳገት ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ሲኬድ ያለው ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብዙውን ቦታ ይቀላል። ያንቺ መንገድ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ፈታኙ ቀበና ነው። ከእንግሊዝ ኤምባሲ ወደ ድልድዩ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ወደ 4 ኪሎ መውጣት አለ። ማርሽ ያለው ሳይክል ግዢና ዳገቱ ሳይጀምር በቀላሉ ማርሽ ግቢ። ዳገቱ መሀል ላይ ማርሽ መቀየር ካቴናውን ይጎዳዋል። ከደከመሽ ወርደሽ ግፊው። እኔም የምገፋበት ቀን አለ፤ አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፊ ስለሆነ ማንንም አያስቸግርም።

መንገድሽ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያለው ነው።

ከመገናኛ 4 ኪሎ ያለው ጥሩ ነው። መኪና የማይገባበት የሳይክል መስመር ማግኘት ለዚህ ከተማ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን የሚጠነቀቁበት ቦታ አለ። መስመሩ ላይ እግረኛ ይገባል። አትቆጫቸው። ለዘመናት አስፋልት ዳር ከመኪና ጋር ሲጋፋ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ነገር ሲያገኝ ይሄድበታል። ደወል ግጠሚና ቀስ ብለሽ እለፊ። ታክሲ በሚቆምበት ቦታ «ወራጅ አለ» ሲባል ተሳፋሪው በሩ ሲከፈት ቀጥታ ሳይክል መስመሩ ላይ ነው የሚወርደው። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ፍሬን ላይ እጅሽ ይሁን። ክረምት ላይ ደግሞ ንጣፉ ያዳልጣል፤ ቀለም የተቀባው ቦታ ይብሳል። ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ፍሬን በድንገት አትያዢ።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ግን መስመሩ በሚቋረጥበት ቦታ ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ማንም አይነካሽም። ከዋናው ወደ ሰፈር የሚገባ መንገድ ጋ ስትደርሺ ግን ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መኪና ከኋላሽ ይመጣል። ሾፌሩ የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ከጎን ሳይክል ይመጣል ብሎ አያስብም፤ አልለመደውም። እዚያ ጋ ፍጥነት ቀንሺ፣ ዘወር ብለሽ የሾፌሩን ዓይን ፈልጊ። ካላየሽ ቁሚና አሳልፊው።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር አምናለሁ። የመንገድ ጥሩነት የሚለካው መሻገሪያው ላይ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የሚያምር ንጣፍ ሠርተን አደባባይ ጋ ስንደርስ ሰውን ለመኪና ከተውነው፣ ሰው የሚጎዳው እዚያው ነው። ጠዋት የተማሪዎቼን እናቶች አያለሁ። ልጅ በእጅ ይዘው ሰፊውን የእግረኛ መንገድ በሰላም ይመጣሉ፤ መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ መኪናው እንዲቆምላቸው እጃቸውን ዘርግተው ይለምናሉ። ዜብራው ተቀብቷል፣ የሚቆም ግን ጥቂት ነው። ይህ እስኪስተካከል ሥራው አልቋል አልልም።

ከአያት መገናኛ ያለው ሌላ ነው። ሰሚት 72 ልክ ነው። ባቡሩ መሀሉን ይዟል፣ ግራና ቀኙ አጥር ነው፣ መኪናው ይፈጥናል፣ መሻገሪያው ሩቅ ለሩቅ ነው። እኔ ጉርድ ሾላ ስለሆንኩ የምነካው ትንሹን ነው። ሁለት ነገር ልምከርሽ። አንደኛው፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ በየሰፈሩ ውስጥ ባለው ኮብልስቶን መሄድ ነው። ያንገጫግጫል፣ ይረዝማልም፤ ግን መኪናው ቀስ ይላል። ወፈር ያለ ጎማ ካለሽ ይሻላል። ሁለተኛው፣ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የማደርገው ይኼ ነው፦ ሳይክሉን መገናኛ አካባቢ አሳድሪው። ጠዋት እስከ መገናኛ በባቡር ሂጂ፣ ከዚያ ሳይክልሽን አንስተሽ ወደ 4 ኪሎ። ማታም እንደዚያው። የታክሲውን ሰልፍ ሙሉ በሙሉ ታመልጪዋለሽ። ጥበቃ ያለው ሕንፃ ፈልገሽ በወር ከፍለሽ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ለዚህ ነው ባቡር ጣቢያ ሥር የሳይክል ማቆሚያ እንዲኖር አጥብቄ የምፈልገው። ብረት ተክሎ፣ ጣሪያ ሠርቶ፣ አንድ ጠባቂ መቅጠር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ከሚጠይቀው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም። ግን ከጣቢያው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ሰው ባቡሩን ቅርብ ያደርገዋል።

ከካዛንቺስ የመጣች

እኔ ስለ ሳይክል አላውቅም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድም። ግን ስለ እግር መንገድ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ካዛንቺስ ነው የኖርኩት። ቤተ ክርስቲያን ዑራኤል በእግሬ፣ ገበያ በእግሬ፣ የምሠራበት ቤት በእግሬ። ታክሲ የምይዘው ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር ነበር። በ2017 ሰፈሩ ሲነሳ ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውኃውም መብራቱም አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራዬ ግን እዚያው ካዛንቺስ ነው የቀረው። አሁን ለመሄድ መኪና እየቀያየርኩ ነው። ከደሞዜ ለትራንስፖርት የሚወጣው ድሮ የማላውቀው ወጪ ነው። ከቤት የምወጣው ሳይነጋ ነው።

ካዛንቺስ ስደርስ የተሠራውን መንገድ አያለሁ። ያምራል፤ አልዋሽም። ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ ዛፍ አለው። እኔ ግን የምሄድበት ከፌርማታው እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለችውን ትንሽዬ ቦታ ነው። በእግሯ የምትሄደው ሴትዮ ርቃ ሄዳለች። ከተማ የሚያቅዱ ሰዎች ካላችሁ ይህን አስቡልን። እኛ አውቶብስ ነው የምንፈልገው። በሰዓቱ የሚመጣ፣ ሳይነጋ የሚጀምር፣ ማታም የሚቆይ።

ዕቅድ ላይ የምሠራ

እናቴ፣ የተናገሩት የዚህ ጉዳይ ዋናው ነው። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ስንት ጊዜ ስለ ንጣፍ እናወራለን፤ ሰው ከሥራው ምን ያህል ራቀ የሚለውን ግን ከመንገድ ሥራ ለይተን እናየዋለን። አንድ ሰው ከሥራው ጋር በእግር ርቀት ላይ ሲኖር መንግሥት ለእሱ አውቶብስ መግዛት አያስፈልገውም። ሲርቅ ግን አውቶብሱ ቤቱ ከመሠራቱ እኩል መታቀድ አለበት። ጀሞም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ ኮዬ ፈጬም የታየው ይኼው ነው፦ መጀመሪያ ሰው ገባ፣ ትራንስፖርቱ እየተንገዳገደ ተከተለ።

ቁጥሩን ልጥቀስ፤ ብዙ ሰው ሲሰማው ይገርመዋል። አዲስ አበባ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን፣ ማለትም በእግርና በሳይክል መሄድን የሚመለከት ስትራቴጂ አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚሠራበት ነው። የዚህ ከተማ ጉዞ እንዴት እንደሚከፋፈል ሲነገር የሚጠቀሰው ግማሽ ያህሉ፣ 54 በመቶ፣ በእግር የሚደረግ መሆኑ ነው። 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት ነው። በግል መኪና የሚደረገው 15 በመቶ አካባቢ ነው። በአውቶብስና በታክሲ የሚሄደውም እስከ ፌርማታው በእግሩ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ ከአስር ሰው ስምንቱ እግረኛ ወይም ተሳፋሪ በሆነበት ከተማ የመንገዱን ስፋት ለዓመታት ለመኪና ስንሰጥ ኖረናል። በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ የሆነውም ለዚህ ነው።

የጣና ልጅ ስለ መሻገሪያ ያለውን በሒሳብ ላሳያችሁ። ስምንት መስመር ያለው መንገድ፣ አንዱ መስመር 3.5 ሜትር ቢሆን፣ በጠቅላላው 28 ሜትር ነው። መብራት ሲታቀድ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይሄዳል ተብሎ ነው ብዙ ጊዜ የሚሰላው። በዚህ ስሌት 23 ሰከንድ ይበቃዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ግን በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢሄዱ 35 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። በመሀሉ ያለው 12 ሰከንድ ላይ እሳቸው ገና መንገዱ ላይ ናቸው፣ መኪናው ደግሞ ተለቋል። መፍትሔው ውድ አይደለም። መብራቱን ማስረዘም፣ መሀል ላይ ቆሞ የሚያርፉበት ደሴት መሥራት፣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ወደ አስፋልቱ ማስገባትና የሚሻገሩትን ርቀት ማሳጠር። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ ከዓመታት በፊት ይህ በቀለምና በጊዜያዊ መከለያ ተሞክሮ ነበር። መኪና በማይረግጠው ትርፍ አስፋልት ላይ ለእግረኛ ቦታ ተከለለ፤ መርካቶ ሰባተኛ ላይም እንደዚሁ። አካፋ ሳይነሳ መንገድ መቀየር እንደሚቻል ያየሁት እዚያ ነው።

የእግረኛ ድልድይ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሳል። እኔ አልደግፈውም። ደረጃ የሚወጣው ጤነኛው ሰው ነው። ነፍሰ ጡሯ፣ ሸክም የተሸከመው፣ በዊልቸር የሚሄደው ሥር ይቀራል፤ ቸኩሎ የሚሮጠውም አጥር ይዘላል። ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለከተማው ትልቅ ተስፋ ነበር። ሁለቱ መስመሮች በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ባቡሮቹ ብዙ ሰው ይጭናሉ፤ እኔ ዛሬም ባቡሩን እደግፈዋለሁ። ግን አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ለየ። ድሮ ተሻግሮ ቡና የሚጠጣ ሰው ዛሬ መሻገሪያ ፍለጋ ዞሮ ይሄዳል። ባቡር መሬት ላይ ሲዘረጋ መሻገሪያዎቹ በስንት ሜትር ርቀት ይሁኑ የሚለው ከሐዲዱ እኩል ሊታሰብ ይገባ ነበር። ከዚያ መለዋወጫ እየጠፋ የሚሠራው ባቡር ቁጥር ሲቀንስ የተሳፋሪው ጥበቃ ረዘመ። 41 ባቡር ተገዝቶ ብዙው ሲቆም የቀረው ነው የሚጨናነቀው። የአያቷ ነዋሪ ማታ የምታየው ይህንን ነው። አዲስ ነገር ከመገንባት በፊት ያለውን ባቡር መጠገን ብዙ ሰው ያጓጉዛል፤ ጥገና ግን ሪባን ስለማይቆረጥለት ገንዘብ የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው።

ለገላን ጉራዋ እናት፦ በጣም በቶሎ ሊሆን የሚችለው አውቶብስ ነው። ባቡር ዓመታት ይፈጃል፤ አውቶብስ ግን መንገዱ ካለ መስመር መመደብ ነው። ለአውቶብስ ብቻ የተለየ መስመር ሲኖር ያው አውቶብስ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አንበሳና ሸገር አውቶብሶች ከግል መኪና ኋላ ተሰልፈው ሲቆሙ የምንከስረው ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የቆመው ሰው ሁሉ ጊዜው ነው የሚባክነው። ሰዓቱን ፌርማታው ላይ ጽፎ መለጠፍም ቀላል ነገር ነው። ሰውን የሚያደክመው መጠበቁ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው።

ከካዛንቺስ የመጣች

ልጄ ተባረክ። ሰዓቱ ቢለጠፍ ብቻ እንኳ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤቶቼን አሰባስቤ ወረዳ ላይ እናነሳዋለን። ምን ብለን እንጠይቅ?

ዕቅድ ላይ የምሠራ

«አውቶብስ ይጨመርልን» ብቻ አትበሉ እማማ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ሰው እንደሚቆም፣ ወደየት ወደየት እንደሚሄድ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከሰፈሩ አንድ ወጣት ሁለት ሦስት ጠዋት ፌርማታ ላይ ቆሞ ቢቆጥር ይበቃል። ስንቱ ወደ ካዛንቺስ፣ ስንቱ ወደ መርካቶ፣ ስንቱ ወደ ቃሊቲ። ቆጥሮ የመጣን ሰው መመለስ ይከብዳል።

የአያት ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። እማማ፣ የእርስዎን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ የእኔ እናትም መንገድ መሻገር ትታለች። የምትፈልገው ጤና ጣቢያ ከባቡሩ ማዶ ስለሆነ እኔ እስክመጣ ትጠብቃለች።

የጣና ልጅ፣ ሳይክሉን መገናኛ ማሳደሩ በጣም ተመችቶኛል። አስቤው አላውቅም ነበር። ግን ስለ ሴትነቴ ያነሳሁትን አልመለስክልኝም። ሥራ ቦታ ቀሚስ ነው የምለብሰው። ደግሞስ ምን አይነት ሳይክል ልግዛ?

የጣና ልጅ

ይቅርታ እህቴ፣ ዘልዬው ነው። ባለቤቴንም ጠይቄ ነው የምመልስልሽ፤ እሷም ትነዳለች።

ሳይክሉ መሀሉ ብረት የሌለው፣ ዝቅ ያለው ይሁን። የሴት ሳይክል የሚሉት ነው። ባሕር ዳር እናቶች ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚነዱት እሱን ነው። ካቴናው ላይ መሸፈኛ መኖሩን እይ፤ ከሌለ ጨርቅ ይበላል። ባለቤቴ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ትለብስና ቢሮ ስትደርስ ታወልቀዋለች። ከፊት ቅርጫት ማስገጠም ቦርሳን ከትከሻ ያወርዳል፤ ጀርባሽም አያልብሽም። ያገለገለ ከገዛሽ ከመክፈልሽ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ያዢና ግፊው፤ ጎማው ከተሽከረከረ ተይው። መሪውን አዙሪና ከላላ ተይው። አንድ መለዋወጫ ካላማዳሪያና ትንሽ መንፊያ ሁልጊዜ ቅርጫትሽ ውስጥ ይኑር። ጎሚስታ በየቦታው ስላለ ብዙም አትጨነቂ።

ስለ ሰው። መልከፍ አለ፤ ባለቤቴ የለም እንድልሽ አልፈለገችም። መንገድ ዳር የቆሙ ወጣቶች ይጮሃሉ። እሷ እንደምትለው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳል፣ ከዚያ በዚያ ሰዓት የምታልፊ ሴት መሆንሽን ሁሉም ይለምደዋል። ሊስትሮዎቹና የሱቅ ሰዎቹ ሰላምታ ይጀምራሉ። ሲመሽ ግን ከሌላ ሰው ጋር ሁኚ፤ መብራት ያለበትንም መንገድ ያዢ። የኋላ ቀይ መብራት ሳይኖርሽ ማታ አትውጪ።

መጀመሪያ እሑድ ጠዋት ተለማመጂ። በ2011 ኅዳር መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ብዙ ሰው ከልጆቹ ጋር ሳይክል የተማረው እሑድ ነው። ባይዘጋም በእሑድ ማለዳ መኪናው ጥቂት ነው። ከመገናኛ ተነሺና እስከ ቀበና ድልድይ ሂጂ። ዳገቱን ለሚቀጥለው ሳምንት ተይው።

እናትሽን በተመለከተ፦ የጤና ጣቢያውን መሻገሪያ ቦታ በትክክል ጻፊልኝ። ዕቅድ ላይ የሚሠራው ወንድማችንም ያየው ይሆናል። መብራት አለው ወይ? መሀሉ ላይ መቆሚያ አለ? እናትሽ ስንት ሰከንድ ይፈጅባቸዋል? ይህን ይዘን ሦስታችንም ፈርመን ማስገባት እንችላለን።